የሙቱንጎው ፓርክ ሰባት ችካሎች

ባለፈው ረመዳን ሊገባ ሲል ቲዎዶላይቴን ሸጥኳት። የገዛት ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ላይ ምግብ ቤት የከፈተ የጅማ ልጅ ነው፤ መሬት ሊለካባት አይምሰላችሁ፣ ለቤቱ ጌጥ ነው። በሩ አጠገብ በሦስት እግሯ አቁሟታል፤ ሩዝ የበላ ሁሉ አቅፏት ፎቶ ይነሳል። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ግን ምን ላድርግ? የዛሬ ቀያሽ አንዲት ሳጥን በእጁ ይዞ ይመጣል፣ ከሰማይ ምልክት ይቀበላል፣ ያመጣው ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክሉ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ጨርሶ ይሄዳል። የቆመበትን መሬት ዝቅ ብሎ እንኳ አያየውም። የእኔም ዓይን ደክሟል፣ ጉልበቴም ዳገት ሲያይ ማጉረምረም ጀምሯል። ጡረታ ወጥቷል በሉኝ። አበል ግን የለኝም፤ የሰው አገር ቀያሽ ማን ጡረታ ይቆርጥለታል?

ሙሄ እባላለሁ፣ የወሎ ሰው ነኝ። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሬ ካምፓላ ላይ አረጀሁበት። መጀመሪያ መንገድ ሥራ ገባሁ፣ ከዚያ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ከዚያ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የተማሪ ማደሪያ የሚሠራባቸው ቁራሽ መሬቶች። አለቃ በአለቃ ላይ ተፈራርቆብኛል። አንዱ ነጭ ጫማ አድርጎ መጥቶ ጭቃ ሳይነካው የሚመለስ ነበር፤ ሌላው ደግሞ የለካሁትን ሁሉ "እስቲ ትንሽ ጨምርበት" የሚል። ደሞዙ አንድ ቀን በጊዜው መጥቶ አያውቅም፤ እሱን ተዉት፣ የሁላችንም ታሪክ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ መሬት ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም ሙቱንጎ የሚያደርሰኝን ቦዳ ስይዝ "ዞር ብለህ በታችኛው መንገድ ሂድ" እላለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ጋሽ ክፍሎም ልናገር። ጋሽ ክፍሎም የአስመራ ሰው ነበሩ፣ በሃያ ዓመት ይበልጡኝ ነበር፣ ካምፓላ ስመጣ እጄን ይዘው ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ መሬት ስንገባ መሣሪያውን ከመኪና አያወርዱም ነበር። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መሬቱን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል፤ አንዴ በጠዋት፣ አንዴ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አንዴ ጥላ ሲረዝም። በየዛፉ ሥር ይቆሙና እንደ ሰው "ማን ተከለህ?" ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ እያመለጠኝ እቸገር ነበር። አንድ ቀን ያዙኝ።

"አትሳቅ አንተ" አሉኝ። "ሰው ሳይተክለው የማይበቅል ነገር ካየህ ቁም። የተከለው ሰው የሚነግርህ ነገር አለው።"

ቱምቢያቸውን በክሯ አንጠልጥለው እስክትረጋ ድረስ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። የመስክ ደብተራቸው ላይ በዓይናቸው ያላዩትን አይጽፉም፤ "ይመስለኛል" የሚባል ቃል በፊታቸው አይነሳም። ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት የተከልነውን ችካል በሙሉ አናት አናቱን በእጃቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። እኔ ይሄን ሁሉ የሽማግሌ አመል ነው እል ነበር።

እንግዲህ በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ነው የምላችሁ፣ መንግሥት አዳዲስ የሕዝብ ፓርኮችን ለመሥራት፣ ያሉትንም ለማደስ ገንዘብ መደበ። ወላሂ ደስ ብሎን ነበር። ሜዳው ሁሉ በአጥር እየተበላ የሰፈሩ ልጅ ኳስ የሚጫወተው ሚኒባስ መሃል ነበር። ለሙቱንጎ የታሰበው ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ፣ ሣር የለበሰ የመንግሥት መሬት ነው፤ መቀመጫ፣ የእግር መንገድ፣ አንድ የኳስ ሜዳ ሊሠራበት። ጣጣው አንድ ነው፤ በጀት ከመዘጋቱ በፊት ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። እዚህም እንደ አገራችን በጀት የሚዘጋው በሰኔ ነው፣ እኛ መሬቱን የተረከብነው ደግሞ ግንቦት ተጋምሶ። ሰኔና ሰኞ ማለት ይሄ ነው። በዚያ ላይ ጋሽ ክፍሎም ኩላሊታቸውን ታመው ካንሳንጋ አልጋ ይዘዋል። ሥራው እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

መሬቱን ዞርኩት። አንዴ ብቻ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። ካምፓላ ዝም የሚል ቦታ የላትም፤ ራዲዮው ይጮኻል፣ ዶሮው ይጮኻል፣ ቦዳው ይጮኻል። እዚያ ግን መሃል ሜዳው ላይ ስትደርስ ድምፁ ሁሉ ቀጥ ይላል፣ አሥር እርምጃ ስታልፍ ይመለሳል። ነፋሱ ነው አልኩ። በዚያው ቦታ ስድስት ረጃጅም ቅጠላም ተክሎች እዚህም እዚያም ቆመው ነበር። ባጋንዳዎቹ፣ የአገሩ ተወላጆች፣ ሉዋኒ ይሉታል፤ ቆርጠህ የሰካኸው ቦታ የሚጸድቅ፣ ድርቅ የማይገድለው፣ የተከለው ሰው ሞቶ እንኳ የሚኖር። የጋሽ ክፍሎም "ማን ተከለህ?" ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ደብተሬ ላይ "ቁጥቋጦ፣ ስድስት፣ ይነሳ" ብዬ ጻፍኩ።

በሁለተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ዳገቱን በዱላ ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ረዳቴ ኦኬሎ፣ አርባውን ያለፈ የሰሜን ኡጋንዳ ሰው፣ መለኪያ ዘንጉን ይዞ ከታች ቆሟል፤ የሚያስተረጉም ሰው አጠገቤ የለም። ሴትዮዋ ዱላቸውን አስቀመጡና እርጥቡ ሣር ላይ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። እጆቻቸውን አጋጥመው በቀስታ በሉጋንዳ መናገር ጀመሩ። እኔ የወሎ ልጅ! እናቴን የምታክል ሴት እግሬ ሥር ተንበርክካ እንዴት ቆሜ ልያት? "ኧረ አይገባም!" ብዬ ዘልዬ ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እንዲህ የሚሆነው ሲቸግረው ነው። ቸግሯቸው ነው ብዬ ከኪሴ አንድ የወረቀት ብር አውጥቼ፣ የኡጋንዳ ሽልንግ ማለቴ ነው፣ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ከቋንቋቸው የማውቃትን አንዲት ቃል "ዌባሌ" አልኳቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ለምን እንዳልኩት እኔም አላውቅ። ገንዘቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንደገና ተንበርክከው ተቀበሉኝና ሄዱ። ሰደቃ ያወጣሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ቅልል ብሎኝ ዋልኩ።

የኳስ ሜዳውን ለመደልደል በየአምስት ሜትሩ ችካል መታን፤ አርባ ምናምን ይሆናሉ። አናታቸውን ቀይ ቀባናቸው። በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ ከተክሎቹ አካባቢ ሰባቱ ተነቅለዋል። የተጣሉ አይደሉም። ሣሩ ላይ እንደ ተኛ ሰው ተጋድመዋል፣ ቀይ አናታቸው ወደ ሐይቁ። የቀሩትን የነካ የለም። ይሄ የመሬት ሌቦች ሥራ ነው አልኩና መልሰን መታናቸው። በማግስቱም እነዚያው ሰባት፣ እንደዚያው ተጋድመው። አስካሪ ቀጠርን፣ ዘበኛ። ጠዋት ስንደርስ ዘበኛው ጓዙን ጠቅልሎ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል። ማንም አልመጣም አለ። ምንም አልሰማሁም አለ። ያደረበትንም አልፈልግም ብሎ በእግሩ ሄደ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። በዓይኔ ካላየሁ አልለቅም ብዬ በጠራራ ፀሐይ ከኦኬሎ ጋር ሜዳው ጫፍ ካለች ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሮሌክስ ይዘናል፣ በቻፓቲ የተጠቀለለውን እንቁላል፣ እሱን እየበላን ችካሎቹን እናያለን። ሁሉም ቆመዋል። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ከሐይቁ የዝንብ ደመና ተነሳ። የሐይቁን ዝንብ ያላየ ሰው ጭስ ነው የሚለው፤ አይናከስም፣ ግን አፍና አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ጃኬታችንን ፊታችን ላይ ጣል አደረግን። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስንገልጠው ሰባቱ ተጋድመዋል። ኮቴ የለም፣ ሣሩም አልተረገጠም። ኦኬሎ ምግቡን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረ።

"ሙሄ፣ ይሄ መሬት ሰው አለበት" አለኝ።

ምን እደብቃችኋለሁ፣ ፈራሁ፤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ። ታዲያ ሥራውን አቆምኩ? አላቆምኩም። አለቃችን በየቀኑ ይደውላል፤ ግሬደሩ ሐሙስ ይገባል፣ ቅጹን ፈርመህ አምጣ ይላል። ቅጹ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ በመሬቱ ላይ መቃብር፣ ቤተ እምነትም ሆነ የግለሰብ ይዞታ አለመኖሩን ቀያሹ ያረጋግጣል ትላለች። ሦስት ጊዜ ያልዞርኩትን መሬት፣ አንድ ሽማግሌ ያልጠየቅሁበትን መሬት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "የለም" ብዬ ፈረምኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ሐሙስ ግሬደሩ ስድስቱን ተክሎች ጠራርጎ ጀመረ። ብዙም አልሄደም። ሾፌሩ ድንገት ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ኮፍያውን አወለቀ። ምላጩ ላይ ቡናማ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ሉቡጎ ነው፤ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራ፣ ባጋንዳዎች ሬሳ የሚገንዙበት። ሁለት መቃብር ተከፍቷል። ከጨርቁ ጋር ምን እንደወጣ አልነግራችሁም፣ ሆድ ይፍጀው። አባ ኮዳዎች ከየት እንደመጡ ሳናይ ሜዳውን ዙሪያውን ከበው ቆሙ። ቆሻሻ ላይ የሚሻሙት እነዚያ ትልልቅ ወፎች አንዳቸውም ወደ መሃል አልገቡም፤ ቆመው ያዩናል።

አለቃችን ስልኩ ላይ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። አፈር መልስበት፣ ሣር ትከልበት፣ ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል አለ። የማጠናቀቂያው ቅጽ ያንተ ፊርማ ከሌለበት ገንዘቡ ይመለሳል፣ የሰፈሩ ልጆችም ሜዳቸው ይቀራል፣ አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ አለ። መቃብሮቹን በሸራ ሸፍነን ኦኬሎን አስጠብቄ ካንሳንጋ ሄድኩ።

ጋሽ ክፍሎም ግድግዳውን ተደግፈው ቀና አሉ። ከሥጋቸው ግማሹ የለም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ችካሎቹንም ሳይቀር። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"ስንት ጊዜ ዞርከው?" አሉኝ።

"አንዴ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። "ቅጹ ይቆይ" አሉ በመጨረሻ። "መጀመሪያ ባለ መቃብሩን ፈልገህ ፊቱን እይ። ፊቱን ሳታይ አንዲት ፊደል እንዳትጽፍ።" ከእሳቸው የተቀበልኩት የመጨረሻ ትእዛዝ ያ ሆነ፤ ነሐሴ ላይ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ባለ መቃብሩን ለማግኘት ኦኬሎ ሁለት ሰው ብቻ ነው የጠየቀው። ከዳገቱ ግርጌ፣ ሙዝ መሃል ያለች ቤት ወሰዱን። በሩ ላይ የወጡት እነዚያ ብር የሰጠኋቸው አሮጊት ናቸው። ስማቸው ናሎንጎ ነው፤ መንታ የወለደች እናት የምትጠራበት ስም ነው። ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን፤ ኦኬሎ ያስተረጉማል። ግሬደሩ ሲቆም ሰምተው ነበር፣ ለምን እንደቆመም ያውቃሉ።

"ማቡጎ ሰጠኸኝ" አሉ።

ኦኬሎ መተርጎሙን ትቶ እኔን አየኝ። ማቡጎ ምን እንደሆነ የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ሞቶበት ላዘነ፣ ሐዘንህን አውቄያለሁ ብለህ የምትሰጠው ገንዘብ ነው። ሴት ደግሞ እዚህ አገር የምትንበረከከው ልመና ስላላት ሳይሆን ሰላም ልትል ነው፤ ጉዳይዋንም የምትናገረው እዚያው ተንበርክካ ነው። ያን ቀን ከሰላምታው ቀጥለው ስድስት ቤተሰቤ እዚህ ተኝቷል፣ ተክሎቹ ምልክታቸው ነው ብለውኝ ነበር። እኔም አንስቼ ማቡጎ ሰጠኋቸው፣ አመሰገንኳቸው። ሰምቶኛል ብለው ሄዱ።

"ጎረቤቶቼ ሂጂ፣ ግሬደሩ ፊት ተኚ ሲሉኝ፣ ማቡጎ የሰጠ ሰው ሬሳ አይነካም አልኳቸው" አሉ ናሎንጎ። "እያወቅህ ለምን ሰጠኸኝ፣ ጌታው?"

አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለማኝ መስለውኝ ነው አልኳቸው፤ እውነቱ ያ ነው። ኦኬሎ ይሄን ሲተረጉም ድምፁ ወረደ። ናሎንጎ አዩኝና "አላወቅህም ማለት ነው" አሉ። ፊታቸው ላይ ተወጥሮ የነበረው ነገር ትንሽ ረገበ።

ችካሎቹን የነቀለው ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ዳሌያቸውን አሳዩኝ፤ እኔ ዘንድ ከመጡበት ቀን ወዲህ ዳገቱን አልወጡም፣ ልጃቸውም ጂንጃ ነው ያለው። መሬቱ የመንግሥት ከመሆኑ በፊት የባላቸው አባት የሙዝ እርሻ ነበር። የተኙትን ቆጠሩልኝ፤ አማታቸው፣ ባላቸው፣ ሁለቱ መንታዎች፣ አንድ ትልቅ ልጅና ሚስቱ። ስድስት።

"የተነቀለው ግን ሰባት ነው" አልኩ።

የሰባተኛውን ቦታ አሳየኝ አሉ። አፈሩ ላይ በጣቴ ሣልኩላቸው፤ ከመንታዎቹ በስተግራ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"እሱ የእኔ ነው" አሉ። "ሽማግሌዎቹ ሴት ስትሞት ወደ አባቷ ጎሳ ትወሰድ ይላሉ። እኔ ከልጆቼ አጠገብ ብዬ ቦታውን በልቤ ለካሁት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።" ከዚያ በቀስታ ጠየቁኝ። "አሁን ፓርክ ሲሆን፣ እዚያ መግባት እችላለሁ?"

መመሪያውን አውቀዋለሁ። ፓርክ ውስጥ የተገኘ አሮጌ መቃብር ታጥሮ ይከበራል፤ አዲስ መቃብር አይፈቀድም። ስድስት ብዬ ከጻፍኩ የናሎንጎ ቦታ ሣር ነው፣ ሲሞቱ ባዳ መሬት ይሄዳሉ። ጋሽ ክፍሎም ያላየኸውን አትጻፍ ነበር ያሉኝ። እሑድን ሙሉ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰኞ ለተቆጣጣሪው አዲስ ቅጽ ሰጠሁት፤ የበፊቱን ሳላጣራ በሐሰት ፈርሜአለሁ፣ በመሬቱ ላይ ሰባት አሮጌ መቃብሮች አሉ፣ ቦታቸውም ይኸው ብዬ ሥዕሉን አያያዝኩ። አለቃችን እዚያው አሰናበተኝ። የእግር መንገዱና መቀመጫው ተሠራ፤ የኳስ ሜዳው ገንዘብ ተመለሰ። የሰፈሩ ወጣቶች ሳልፍ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር፤ አንዱማ ለአጥንት ብለህ ሜዳችንን ወሰድክ አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። የተከፈቱት በአዲስ ሉቡጎ ተገንዘው ተመለሱ። ችካል የነካ ግን ከዚያ በኋላ የለም።

ናሎንጎ ያረፉት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ልጃቸው ቦታውን አሳየን ብሎ አስጠራኝ፤ ሣር ውጦት ነበር። ለክቼ አሳየሁ፣ መቆፈር ተጀመረ። ጉድጓዱ ወገብ ሳይደርስ የማላውቀው ተቆጣጣሪ ፕላኑን ይዞ ደረሰ። አዲስ መቃብር ክልክል ነው፣ አቁሙ አለ። አዲስ አይደለም አልኩት፤ ይሄ ሰባተኛው ነው፣ አሮጌ ነው፣ ለቤተሰቡ ነው የተከፈተው። ሰውየው ሞኝ አልነበረም።

"አሮጌ መቃብርና ያልተነካ መሬት በአፈሩ ይለያል" አለና ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

ያ ዳገት ከስንዝር በታች ሙራም ነው፣ ዶማ የሚያስፈናጥር ቀይ ጠጠር። ሬሳው በሰው ትከሻ ላይ ነው፣ ዘመድ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ስንደርስ ግን ቆፋሪዎቹ ዶማውን ወደ ጎን ጥለው በአካፋ ብቻ ይሠሩ ነበር። አንዱ ከውስጥ ቀና ብሎ ልስልስ ያለ ነው፣ ከዚህ በፊት ተቆፍሯል አለ። ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቶቹ ፈተገ፣ ራሱን ነቀነቀና ፕላኑን አጠፈ። ናሎንጎን ከልጆቻቸው አጠገብ አወረድናቸው። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ችካል ስመታ መዳፌ ተልጧል፤ ማንም ቆፍሮት አያውቅም።